ሥጋና ሰንሰለት

ኤስ. ቲ. ሃመንድ ለአዳኞች መጽሔት የሚጽፍ አሜሪካዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ስለ አደን ውሾች አንድ መጽሐፍ አሳተመ። በዘመኑ የአደን ውሻ ይሰበራል እንጂ ይሠለጥናል ብሎ ነገር አልነበረም። መስበሪያውም አለንጋ፣ እሾህ ያለው የአንገት ማሰሪያና የጫማ ጫፍ ነው። ከእጅ ያመለጠውን ከሩቅ የወፍ ጥይት የሚያርከፈክፉበትም ነበሩ። ሃመንድ ይህን ልማድ አንድ በአንድ ዘርዝሮ ከተቸ በኋላ የራሱን መንገድ ያስረዳል፦ ቡችላው የታዘዘውን ሲፈጽም ቁራጭ ሥጋና ሙገሳ፣ ሳይፈጽም ሲቀር ደግሞ ባዶ እጅ። በቃ።

ይህ ሲጻፍ በኢትዮጵያ ዙፋን ላይ አጼ ዮሐንስ 4ኛ ነበሩ። ዛሬ ግን ውሻን በሽልማት ስለማሠልጠን ሲነሣ ብዙ ሰው የሚታየው ትናንት የመጣ የፈረንጅ ቅብጠት ነው፤ ውሻቸውን ሹራብ የሚያለብሱና ከአልጋቸው ላይ የሚያስተኙ ሰዎች ፈሊጥ። ለሳሎን ቡችላ ይሆናል፣ ለሥራ ውሻ ግን ዱላ ነው ይባላል። ጉቦ ነው ይባላል። ሥጋው ሲያልቅ መታዘዙም አብሮ ያልቃል ይባላል። የሙያው ታሪክ ሲመረመር ግን ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። ሥራው ለሕይወት በሚያሰጋበት፣ የአሠልጣኙም እጅ በማይደርስበት ቦታ ሁሉ ሰዎች የተማመኑት በሽልማት ነው። ዱላ የኖረው ውሻው በገመድ ጫፍ ላይ በሚቆምበት ሜዳ ነው።

የኃይሉ መንገድም የራሱ አባት አለው። ኮንራድ ሞስት በጀርመን ሳርብሩክን ከተማ የፖሊስ ኮሚሽነር ሳለ በ1906 ውሾችን ለፖሊስ ሥራ ማሠልጠን ጀመረ። በ1910 ያሳተመው መመሪያ ከዚያ በኋላ ለመጡት የጦርና የፖሊስ ውሻ አሠልጣኞች የመሠረት ድንጋይ ሆነ። ለሞስት ሰውና ውሻ የሚገናኙት በፍልሚያ ነው፤ በፍልሚያውም ሰው በጉልበት ማሸነፍ ግዴታው ነው። አርጩሜውም እሾሃሙ ማሰሪያም በመጽሐፉ ቦታቸውን ይዘዋል። ይሁን እንጂ እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ሌላም ነገር አለ፦ ደስታን ያስከተለ ድርጊት ይደገማል፣ ያላስከተለው ይጠፋል፣ ስለዚህ ውሻው ትክክል ሲሠራ መልካሙ ነገር ሳይዘገይ ሊከተለው ይገባል። የሥነ ልቦና ሊቃውንት ይህን በቤተ ሙከራ በስፋት እስኪያደራጁት ገና ብዙ ዓመታት ይቀሩ ነበር። ተከታዮቹ አርጩሜውን ወረሱ፤ ይህኛውን ገጽ ግን ብዙዎቹ ዘለሉት።

በዚያው ዘመን፣ ከሰሜን ባሕር ማዶ፣ ሌላ ወታደር ሌላ መንገድ ይዞ ነበር። ኮሎኔል ኤድዊን ሪቻርድሰን ከሚስቱ ጋር ሆኖ ለዓመታት ውሻ ሲያሠለጥን የኖረ እንግሊዛዊ ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፋፋም፣ በ1917፣ ሹበሪነስ በምትባል የእንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ከተማ የጦር ውሾች ትምህርት ቤት እንዲከፍት መንግሥት አዘዘው። የስልክ ሽቦ በመድፍ በሚበጣጠስበት፣ እግረኛ መልእክተኛ ደግሞ በጭቃና በጥይት መካከል በሚቀርበት ግንባር፣ ከምሽግ ወደ ኋላ መልእክት የሚያደርስ ውሻ ተፈልጎ ነበር። ብዙዎቹ ተማሪዎች ጌታ የሌላቸው፣ ከለንደኑ የባተርሲ የውሾች መጠለያ የመጡ ነበሩ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ውሻው ከተንከባካቢው ይለይና ሌላ ወታደር ወደፊት ወስዶት ይለቀዋል። ውሻው ተመልሶ ከተንከባካቢው ዘንድ ሲደርስ ምግብና ፍቅር ይጠብቀዋል። ርቀቱ ቀን በቀን ይጨምራል፤ የጥይት ድምፅ ይገባል፣ ጭስ ይገባል፣ እንቅፋት ይገባል። በመንገድ የተዘናጋ ውሻ አይመታም፤ ተመልሶ እንዲደግመው ይደረጋል እንጂ። ሪቻርድሰን ከጦርነቱ በኋላ በ1920 ባሳተመው መጽሐፍ የሰጠው ምክንያት የርኅራኄ ስብከት አይደለም፤ የወታደር ስሌት ነው። ውሻው ከጌታው ሁለትና ሦስት ማይል ርቆ ብቻውን ሲሮጥ ማስገደድ ምን ይፈይዳል? ማን ያስገድደዋል? እዚያ ቦታ ላይ እግሩን የሚያንቀሳቅሰው ነገር ውሻው ራሱ ውስጥ ካልተተከለ መልእክቱ አይደርስም።

የሙያው ግማሽ ታሪክ በዚህ ጥያቄ ውስጥ አለ። ሌላው ግማሽ የተሠራው በቤተ ሙከራ ነው።

ስለ ቤተ ሙከራው ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠራው ኢቫን ፓቭሎቭ ነው፤ ደወልና ምራቅ። ሰውየው በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ግን ስለ ምግብ መፈጨት ባደረገው ምርምር ነው። ለውሾቹ ምልክት አድርጎ ያዘወትር የነበረውም ከደወሉ ይልቅ ሜትሮኖምን የመሰሉ፣ ልኩ የሚቆጠር ድምፅ ያላቸው መሣሪያዎችን ነበር። ከሁሉም በላይ የፓቭሎቭ ውሻ ለምግቡ ምንም አይሠራም፤ ታስሮ ቆሞ ይጠብቃል። የሽልማት ሥልጠና ዋና ምሰሶ የተተከለው በሌላ ቦታ ነው። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የተባለ አሜሪካዊ ድመቶችን በሣጥን እየዘጋ፣ መውጫውን ራሳቸው ሲያገኙ የሚወስድባቸውን ጊዜ እየለካ በ1898 ውጤቱን አሳተመ። ድመቷ ከሣጥኑ ያወጣትን እንቅስቃሴ በሚቀጥለው ጊዜ ቶሎ ትደግመዋለች። ቢ. ኤፍ. ስኪነር በ1930ዎቹ ይህን ይዞ በአይጥ፣ ኋላም በእርግብ አስፋፋው።

ትልቁ ግኝት ግን የመጣው በሥራ መፍታት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጊዜው 1943፣ ቦታው ሚኒያፖሊስ፣ የጄኔራል ሚልስ የዱቄት ፋብሪካ የላይኛው ፎቅ ነው። ስኪነርና ረዳቶቹ ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት አንድ እንግዳ መሣሪያ እየሠሩ ነበር፦ በቦምብ አፍንጫ ውስጥ የተቀመጠች እርግብ የዒላማውን ምስል በመንቁሯ እየነካካች ቦምቡን ትመራለች። ከዋሽንግተን ውሳኔ ሲጠባበቁ ጊዜ ተረፋቸው። እስኪ እርግብ ኳስ እናስመታ አሉ። ከሣጥኑ ወለል ላይ ትንሽ የእንጨት ኳስ አኖሩ፤ እርግቧ በመንቁሯ ኳሱን ወደ ጎን ስትገፋው ወዲያው እህል የሚያቀርብላትን ማብሪያ በእጃቸው ይዘው ጠበቁ።

ጠበቁ። እርግቧ ኳሱን አልነካችም።

ከዚያ ሐሳባቸውን ለወጡ። ሙሉውን ድርጊት ከመጠበቅ ይልቅ ወደዚያ ለሚያደርሰው ለትንሹ ነገር መክፈል ጀመሩ። ኳሱን ዞር ብላ አየችው፤ እህል። ወደ እሱ አንድ እርምጃ ቀረበች፤ እህል። አንገቷን ዝቅ አደረገች፣ በመንቁሯ ነካችው፣ ገፋችው። ብዙም ደቂቃ ሳይቆይ ኳሱ ከሣጥኑ ግድግዳ ግድግዳ እየነጠረ ይሄድ ጀመር። እስከዚያን ቀን ድረስ ቤተ ሙከራው እንስሳው በራሱ የሚያደርገውን ይመዘግብ ነበር። ከዚያን ቀን በኋላ ግን ማንም እንስሳ ያልሠራውን ድርጊት፣ ሰው በእጁ በያዘው ማብሪያ፣ ከትንሽ ቅንጣት እየገነባ ማምጣት እንደሚችል ታወቀ። የእርግቦቹ ቦምብ ጦርነት ላይ ሳይውል ቀረ። የእህሉ ዘዴ ግን ተረፈ።

በዚያ ፎቅ ላይ ከነበሩት አንዱ ኬለር ብሬላንድ ነው። እሱና ሚስቱ ማሪያን፣ እሷም የስኪነር ተማሪ ነበረች፣ የዶክትሬት ትምህርታቸውን ትተው ንግድ ከፈቱ፤ እንስሳትን በዚህ ዘዴ እያሠለጠኑ የሚያከራይ ድርጅት። ወደ ውሻ አሠልጣኞች ሄደው ያለ ዱላ፣ ያለ ማነቂያ፣ በአጭር ጊዜ የሚሆን መንገድ አለ ሲሉ ሰሚ አላገኙም። ውሻ ሲሠለጥን የኖረው እንዲህ አይደለም ተባሉ። እነሱም ወደ ሌላው እንስሳ ዞሩ። ዶሮ ፒያኖ መታች። ፕሪሲላ የተባለች አሳማ የቆሸሸ ልብስ ከወለል እያነሣች ወደ ቅርጫት ስትጨምር፣ በጠረጴዛ ቁርስ ስትበላና ቤት ስታጸዳ በየአውራጃው ትርኢት ታየች። በ1955 አርካንሶ ውስጥ ሆት ስፕሪንግስ ከተማ ላይ የከፈቱት የትርኢት ቤት ዶሮ ከሰው ጋር የምትጫወትበት፣ ራኩን ኳስ ቅርጫት ውስጥ የሚጥልበት የቱሪስት መስህብ ሆነ። በሥራ ዘመናቸው ከ140 በላይ ዝርያዎችን አሠልጥነዋል።

ብሬላንዶች ሽልማት ሁሉን ይችላል ብለው እንዳልተታለሉም መነገር አለበት። በ1961 ያሳተሙት ጽሑፍ የገዛ መምህራቸውን የሚያሳፍር ነበር። ራኩን ሁለት ሳንቲም ወደ ገንዘብ ሣጥን እንዲጨምር ሲያሠለጥኑት ሳንቲሞቹን አልለቅ አለ። ባሕር ዳር ያገኘውን ሸርጣን እንደሚያሻሽ ሁሉ እርስ በርሳቸው ያሻሻቸው ነበር፤ ምግቡ እየቀረበትም አይተውም። አሳማም የእንጨት ሳንቲሙን ተሸክማ በመሄድ ፈንታ በአፍንጫዋ አፈር እንደምትቆፍር እየገለበጠች መንገድ ላይ ትቀር ጀመር። ተፈጥሮ ሽልማቱን ስትረታው ይታያል። የዘዴውን ድክመት ከማንም በፊት ያወጁት ዘዴውን በየቀኑ የሚኖሩበት ሰዎች መሆናቸው በሙያው ታሪክ ውስጥ የሚያስከብራቸው ነው።

ታዲያ የውሻው ዓለም ለምን እምቢ አለ? ስኪነር ራሱ በታኅሣሥ 1951 ሳይንቲፊክ አሜሪካን ላይ ማንም ሰው እቤቱ ሆኖ ውሻውን በአጭር ጊዜ ማሠልጠን የሚችልበትን መንገድ ጽፎ ነበር። የሚያስፈልገው ቁራጭ ምግብና ሲጫኑት ቀጭ የሚል የልጆች መጫወቻ ነው። ጽሑፉ ተነበበ፤ ሜዳው ላይ ግን ምንም አልተለወጠም። ከሁለት የዓለም ጦርነቶች የተመለሱት አሠልጣኞች የሞስትን ሰንሰለት ይዘው መጥተዋል። ከእነሱ አንዱ ዊልያም ኬለር በዋልት ዲስኒ ፊልሞች ውሾችን ያሠለጥን የነበረ ሰው ነው። በ1962 ያወጣው መጽሐፍ በአሜሪካ ለብዙ ዓመታት በብዛት ተሸጧል። ጓሮ የሚቆፍር ውሻ ካለህ ጉድጓዱን በውኃ ሞልተህ አፍንጫውን ንከረው ይላል። ኬለር አረመኔ አልነበረም፤ ውሻን ከሞት የሚያድን እየመሰለው ነው የጻፈው። ደግሞም ሰንሰለት ሲሳብ ውጤቱ ወዲያው ይታያል፤ ውሻው ያቆማል። የቆመው ምን ተምሮ እንደሆነ አይታይም፤ የሳበው ሰው ግን ያን ቅጽበት ይሸለማል፤ ስለዚህ ነገም ይስባል። የስኪነር ሕግ ገመዱን በያዘው ሰው ላይም ይሠራል።

መልሱ የመጣው ከባሕር ነው። ዶልፊን ላይ ሰንሰለት ማሰር አይቻልም፤ ቢቆጣ ጠልቆ ይሄዳል፤ ሰውየው ከኩሬው ዳር ተቀምጦ ይቀራል። የአሜሪካ ባሕር ኃይል በ1960ዎቹ ዶልፊኖችን ለሥራ ሲፈልግ ከብሬላንዶች ዘዴ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። የመጀመሪያው የሥልጠና ኃላፊ ቦብ ቤይሊ ኋላ ከብሬላንዶች ድርጅት ጋር ሠርቷል፤ ኬለር ብሬላንድ በ1965 ከሞተ ከዓመታት በኋላም ማሪያንን አግብቷል። በዚያው በ1965 ካሊፎርኒያ ላሆያ ፊት ለፊት፣ ወደ 60 ሜትር በሚጠጋ ጥልቀት ላይ፣ ሲላብ ሁለት በሚባል የባሕር ውስጥ ቤት ለሚኖሩ ጠላቂዎች ተፊ የተባለ ዶልፊን ከላይ ደብዳቤና ዕቃ እያደረሰ ይመለስ ነበር። ሥራው ክፍት ባሕር ላይ ነው፤ ማምለጥ ቢፈልግ ያለው ውቅያኖስ ነው። የሪቻርድሰን መልእክተኛ በውኃ ውስጥ ተደገመ።

በሃዋይ ደግሞ በ1964 የተከፈተው ሲ ላይፍ ፓርክ ዶልፊን የማሠልጠኑን ሥራ ለካረን ፕራየር ሰጣት። መሣሪያዋ ፊሽካ ነው። ዶልፊኑ ሲዘል አየር ላይ እያለ ፊሽካው ይነፋል፤ ዓሣው በኋላ ይመጣል። ድምፁ ያቺን ቅጽበት ይለይለታል። ፕራየር በ1984 ያሳተመችው መጽሐፍ ርእሱ ስለ ውሻ ይምሰል እንጂ ስለ ልጅ፣ ስለ ባልና ሚስት፣ ስለ ድመትም ነው። የውሻ ባለቤቶች ግን እየገዙ አነበቡት። በ1992 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የባሕሪ ተንታኞች ባደረጉት ጉባኤ ከውሻ አሠልጣኙ ጌሪ ዊልክስ ጋር በመድረክ ቀረበች። ከዚያ በኋላ ያቺ ቀጭ የምትል የልጆች መጫወቻ ክሊከር ተብላ ወደ ውሻ ሜዳ ገባች። ከስኪነር ጽሑፍ ከ40 ዓመት በላይ አልፎ ነበር። በመካከሉ እንግሊዛዊው የእንስሳት ሐኪም ኢያን ደንባር በ1982 በርክሊ ካሊፎርኒያ ላይ ቡችሎች ያለ ማሰሪያ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ከፍቶ መንገዱን ጠርጎ ነበር።

አሁን ወደ ጉቦው እንምጣ። ይህን ክስ የሚያቀርብ ሰው ብዙ ጊዜ ያየው ነገር እውነት ነው። ባለቤቱ በር ላይ ቆሞ ሥጋ እያሳየ ይለምናል፤ ውሻው ሥጋውን አይቶ ይመጣል፤ ሥጋ ባልታየ ቀን አይመጣም። ይህ ጉቦ ነው፤ ሥልጠና አይደለም። ልዩነቱ ያለው በቅደም ተከተሉ ነው፤ ጉቦ ከሥራው በፊት ይታያል፣ ደመወዝ ከሥራው በኋላ ይከፈላል። በትክክል የሚሠራ አሠልጣኝ እጁ ባዶ ነው፤ ምግቡ ኪሱ ወይም ከኋላው ጠረጴዛ ላይ ነው። ውሻው መቀመጫው መሬት በነካበት ቅጽበት ክሊከሩ ቀጭ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ እጁ ወደ ኪሱ ይሄዳል። ክሊከሩ ባይኖርስ? ሰውየው ኪሱን እስኪፈትሽ ውሻው ብድግ ይላል፤ ሥጋውም የሚደርሰው ከቆመ በኋላ ይሆናል። እንዲህ የሠለጠነ ውሻ ቁጭ ሲባል ቁጭ ብሎ ብድግ ይላል፤ ባለቤቱም ይህ ውሻ ደንቆሮ ነው ይላል። ውሻው ግን የተከፈለበትን በትክክል ተምሯል።

ሥጋው ሲያልቅ ያልቃል የሚለውም መልሱ በዚያው ቤተ ሙከራ ተገኝቷል። ስኪነርና ቻርልስ ፈርስተር በ1957 ባሳተሙት ሥራ፣ አንዳንዴ ብቻ የሚከፈልበት ድርጊት ሁልጊዜ ከሚከፈልበት ይልቅ ለረጅም ጊዜ እንደሚቆይ አሳይተዋል። አዲስ ነገር ሲማር ውሻው ሁልጊዜ ይከፈለዋል፤ ከለመደው በኋላ ክፍያው እየራቀ ይሄዳል። ክፍያውም ሥጋ ብቻ አይደለም፤ በር መከፈቱ፣ ኳስ መወርወሩ፣ ዛፍ ሥር ለማሽተት መፈቀዱ ሁሉ ክፍያ ነው።

ከሁሉም ይልቅ ዕድሜው የረዘመው ስሕተት ግን የመጣው ከተኩላ ነው። ሩዶልፍ ሼንክል በ1947 ያሳተመው ጥናት በባዝል የእንስሳት ማቆያ አንድ ላይ የታጎሩ፣ ዝምድና የሌላቸውን ተኩላዎች የሚመለከት ነበር። በእርግጥም ይጣሉ ነበር። ኤል. ዴቪድ ሜክ በ1970 ባሳተመው ታዋቂ መጽሐፍ ይህን ሐሳብ ይዞ አሰራጨው፤ መንጋው የሚመራው ሌሎችን ረግጦ በነገሠ አውራ ነው ተባለ። ውሻም ተኩላ ነውና ባለቤቱ አውራ ይሁን ተባለ። በ1978 የኒው ስኪት መነኮሳት ስለ ውሻ የጻፉት መጽሐፍ ይህንኑ ተከትሎ ጥፋተኛውን ውሻ በጀርባው ገልብጦ መያዝን መከረ። መነኮሳቱ ዛሬ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሥር ያሉ፣ በኒው ዮርክ ግዛት ገዳማቸው የጀርመን እረኛ ውሾችን የሚያራቡ ናቸው። ምክሩን በ2002 እትማቸው አንሥተውታል፤ ተሳስተናል ለማለት የደፈሩ የሙያው ሰዎች ግን ብዙ አልነበሩም።

ሜክም አንዱ ነው። ከ1986 ጀምሮ በካናዳ አርክቲክ፣ ኤልስሚር ደሴት ላይ፣ ሰው ያልነካቸውን የዱር ተኩላዎች በየበጋው ሲከታተል ያገኘው ሌላ ነገር ነበር። መንጋ የሚባለው አባት፣ እናትና ልጆቻቸው ናቸው። ይህን በ1999 አሳተመ፤ የቀድሞ መጽሐፉንም ማተም እንዲያቆም አሳታሚውን ለዓመታት ሲወተውት ኖረ። ዜናው የቴሌቪዥን አሠልጣኞች ዘንድ የደረሰው ዘግይቶ ነው። ከ2004 ጀምሮ እጅግ የታየው የአሜሪካ የውሻ ዝግጅት ያንኑ የአውራነት ትምህርት ለሚሊዮኖች ሲያደርስ ቆየ።

በመጨረሻ ቁጥሩም መጣ። በ2009 የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሐኪሞች፣ የባሕሪ ችግር ያለበት ውሻ ይዘው የመጡ ባለቤቶችን ጠይቀው ባሳተሙት ጥናት፣ ውሻቸውን መትተው ወይም ረግጠው ከሚያውቁት መካከል 43 በመቶው ውሻው በቁጣ እንደመለሰላቸው ተናግረዋል። በጀርባ ገልብጦ ከያዙት ደግሞ 31 በመቶው። በ2020 ፖርቱጋል ውስጥ ከተለያዩ ትምህርት ቤቶች የመጡ 92 ውሾች ሲጠኑ፣ በማስፈራራት የሚማሩት በሥልጠና ወቅት ውጥረታቸው ከፍ ብሎ ታይቷል፤ ከዚያ ውጭም ምግብ ይኑረው አይኑረው ወደማይታወቅ ሳህን ሲጠሩ እግራቸው ይጎተት ነበር። በዚያው ዓመት የእንግሊዙ ሊንከን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ63 ውሾች ላይ ያወጡት ውጤት የኤሌክትሪክ ማሰሪያ በሽልማት ከሚገኘው የተሻለ መታዘዝ እንደማያስገኝ አሳየ። ዌልስ እንዲህ ያለውን ማሰሪያ የከለከለችው ከዚህ ቀደም ብላ በ2010 ነው። በ2021 የአሜሪካ የእንስሳት ባሕሪ ሐኪሞች ማኅበር ለማንኛውም ውሻ፣ ቁጡ ለሆነውም ጭምር፣ በሽልማት እንዲሠለጥን የሚመክር መግለጫ አወጣ።

ይህ ማለት ለውሻ ወሰን አይበጅለት ማለት አይደለም። የሚዘል ውሻ ላይ ጀርባ ማዞር፣ የሚጎትት ውሻ ጋር ቆሞ አለመንቀሳቀስ፣ ሽልማቱን መንሣት፣ ጨዋታውን ማቋረጥ፣ ሁሉም የሽልማት መንገድ አካል ናቸው። ሁሉን ዝም ብሎ የሚያይ ባለቤት ያሠለጠነው ነገር የለም።

የኢትዮጵያም ሰው ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለም። ውሻ በበላበት ይጮኻል የሚለው አባባል መሠረቱን ቀድሞ ይዞታል፤ በከተማ ግን ብዙው ውሻ ቀን በሰንሰለት ታስሮ ማታ የሚለቀቅ ዘበኛ ነው፤ ትምህርቱም በአብዛኛው ድንጋይና ርግጫ ነው። ዘዴው ወደ አገር የገባው በሌላ በር ነው። ከ1998 እስከ 2000 ከተካሄደው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በኋላ ድንበር ላይ የተቀበረውን ፈንጂ ለማጽዳት በኖርዌጂያን ፒፕልስ ኤይድ እገዛ አነፍናፊ ውሾች ተሰማርተዋል። የፈንጂ ውሻ ሽታውን ሲያገኝ ቁጭ ይላል፤ ክፍያውም የሚወረወርለት ኳስ ነው። ዱላ የሚፈራ ውሻ እዚህ ምን ያደርጋል? ሽታው ላይ ቢጠራጠር ዝም ብሎ ያልፋል። በዚያ ሜዳ ላይ ዝምታ እግር ያስቆርጣል።

አፖፖ የተባለው፣ በታንዛኒያ ሞሮጎሮ ማሠልጠኛ ያለው ድርጅት ደግሞ ይህንኑ በግዙፍ የአፍሪካ አይጦች ይሠራዋል፦ ቀጭ፣ ከዚያ ሙዝ። ክብደታቸው ፈንጂውን አያፈነዳውም። ካምቦዲያ ውስጥ ከ100 በላይ ፈንጂና ያልፈነዳ ተተኳሽ ያገኘው ማጋዋ የተባለ አይጥ በ2020 በእንግሊዝ የወርቅ ሜዳይ ተሸልሟል። የዚሁ ድርጅት ሌሎች አይጦች የሳንባ ነቀርሳን ከአክታ ላይ በማሽተት ይለያሉ፤ ድርጅቱ እንደሚለው አንዱ አይጥ 100 ናሙና በ20 ደቂቃ ይፈትሻል። ለዚህ ሥራ ከአርማወር ሃንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ጋር በመተባበር አዲስ አበባ ውስጥም ቤተ ሙከራ ከፍቷል። ከሳሎን ቡችላ ውጭ አይሠራም የሚል ሰው ካለ ማየት ያለበት ይህን ነው።

ውሻ ያለው አንባቢ ለመሞከር ምንም መግዛት አያስፈልገውም። ከዕለቱ ምግብ ላይ ትንሽ ቀንሶ በጣት ጫፍ ልክ መቆራረጥ፣ በቀን ሁለት ጊዜ አምስት አምስት ደቂቃ መስጠት፣ ውሻው ትክክል በሠራበት ቅጽበት አንድ አጭር ቃል፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቃል፣ ብሎ ከዚያ ማጉረስ ይበቃል። ለወር ያህል ይህን ሳይሞክር የማነቂያ ሰንሰለት የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ቢቆጥብ ይሻለዋል።